ቃላት ለቃሚው ሳሙኤል ጆንሰን፤ ሕይወቱና የመዝገበ ቃላቱ ሥራ

የእንግሊዝን ቋንቋ ለሚያስተምር መምህር ትልቁ ፈተና ረዥሙና እንግዳው ቃል አይደለም። ረዥሙ ቃል አንድ ጊዜ በደንብ ከተጠና ትርጕሙ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ተማሪውን ዳግመኛ አያስቸግረውም። መከራው ያለው በየደቂቃው በአፍ በሚመላለሰው አጭር ቃል ላይ ነው። ለምሳሌ «ቴክ» የሚለውን ግስ እንመልከት። ተማሪው በመጀመሪያ «ወሰደ» ማለት ነው ተብሎ ይነገረዋል። እርሱም ይህን ትርጕም ስንቅ አድርጎ ወደ መጽሐፉ ሲገባ እንግሊዞች መድኃኒትንም፥ ፎቶግራፍንም፥ ወንበርንም፥ ሚስትንም፥ መሐላንም፥ ዕረፍትንም በዚሁ በአንዱ ግስ «ሲወስዱ» ያገኛቸዋል። በእኛ ቋንቋ ግን መድኃኒት ይዋጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ወንበር ላይ ይቀመጡበታል፤ ሚስት ያገቧታል፤ መሐላ ይምሉታል፤ ዕረፍትም ያደርጉታል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ስድስት የአማርኛ ግሶችን አሰልፎ ያስከትላል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነገሩን አጥብቆ የተመለከተው በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፥ ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በማታ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 የሰላም ስምምነት ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን ወደዚያች ከተማ ሄደው በሆቴል፥ በምግብ ቤትና በልዩ ልዩ ንግድ ተሰማርተዋል። አገሪቱ በ2011 ነጻነቷን ባወጀች ጊዜ እንግሊዝኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገች፤ በገበያ የሚሰማው ግን የጁባ ዐረብኛ ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ ደግሞ ባሪ ይባላል። ስለዚህ ከሙኑኪ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ በአማርኛ አስበው፥ በዐረብኛ ተዋውለው፥ ደረሰኙን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ናቸው። «ቴክ» የሚለውንም ቃል በየምግብ ቤቱ በር ላይ ተጽፎ ስለሚያዩት፥ ምግብን አስቋጥሮ መሄድ ማለት ብቻ ይመስላቸዋል። በጁባ ዐረብኛ «ሺሉ» የሚለው ግስ ማንሣትንም መሸከምንም መውሰድንም ስለሚያጠቃልል፥ ለእንግሊዝኛው የሚቀርበው ዐረብኛው ነው ወይስ አማርኛው ነው እያሉ መከራከራቸው አይቀርም። ከጁባ በስተደቡብ በምትገኘው በረጃፍ በ1928 የቋንቋ ጉባኤ ተደርጎ፥ ከአገሩ ቋንቋዎች የትኞቹ ለትምህርት እንደሚውሉና በምን ፊደል እንደሚጻፉ የተመከረ መሆኑን ስናስታውስ፥ የቃል ነገር በዚያ ምድር ትናንት የተጀመረ ጭንቀት እንዳልሆነ እንረዳለን።

ይህን ሸክም ከሁላችን አስቀድሞ ብቻውን በትከሻው የተሸከመ ሰው ነበረ። ስሙም ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። እርሱ ዘጠኝ ዓመት ደክሞ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ «ቴክ» የሚለውን አንድ ግስ በ134 ልዩ ልዩ ትርጕም ከፋፍሎ፥ አምስት ታላላቅ ገጾች ሞልቶ አቅርቦታል። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ስም ከድርሰት ሕይወቱ መጀመሪያ አንሥቶ ያልተለየው ሰው ስለ ሆነ፥ የሕይወቱን ታሪክ በመምህራን መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት የእኛ አቈጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጆንሰን በሴፕቴምበር ወር 1709 ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበረ፤ በከተማው የተከበረ ሰው ቢሆንም ንግዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄድ ነበር። ሕፃኑ ገና ከመወለዱ የአንገት ዕጢን የሚያቈስል በሽታ ስለ ያዘው የአንዱ ዐይኑና የአንዱ ጆሮው ኀይል ደከመ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ይህ በሽታ የነገሠ ሰው እጁን ቢያሳርፍበት ይድናል ብለው ያምኑ ነበርና፥ እናቱ በ1712 ወደ ሎንዶን ወስዳ ንግሥት አን እንድትዳስሰው አደረገች። በዚያን ጊዜ የተሰጠውን ትንሽ ወርቅ ዕድሜውን ሙሉ በአንገቱ አንጠልጥሎ ኖረ፤ ጠባሳው ግን ከፊቱ አልጠፋም። ካደገም በኋላ ራሱንና ትከሻውን ሳይወድ በግድ የሚያወዛውዝ፥ ለብቻው የሚያጕረመርም ሰው ስለ ነበረ፥ የማያውቀው ሰው ሲያየው አእምሮው የተነካ ይመስለው ነበር። ያወቀው ግን አፉን ሲከፍት ጸጥ ብሎ ይሰማዋል።

ትምህርቱን በአብዛኛው ያገኘው ከአባቱ መደብር መጻሕፍት ነው። አንዱን መጽሐፍ ጀምሮ ሳይጨርሰው ሌላውን እያነሣ፥ ያለ ሥርዓት ግን ያለ ዕረፍት ያነብ ነበር። በ1728 ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። እዚያም የላቲን ዕውቀቱ መምህራኑን አስደነቀ፤ ነገር ግን ገንዘብ አልነበረውም። ጣቶቹ ከተቀደደው ጫማው ውስጥ ብቅ ብለው ስለ ታዩ አንድ ያዘነለት ሰው በስውር አዲስ ጫማ በበሩ ላይ አስቀምጦለት ቢሄድ፥ ጆንሰን በቍጣ አንሥቶ ወረወረው። ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላም ማዕረግ ሳይቀበል ከትምህርት ቤቱ ወጣ። ድኻ ተማሪ ያስተማረ ሁሉ ይህን የጫማ ነገር ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል።

አባቱ በ1731 መጨረሻ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በዩቶክሴተር ገበያ መጽሐፍ የሚሸጥበት ትንሽ ሥፍራ ስለ ነበረው፥ አንድ ቀን ታሞ ሳለ ልጁን በእርሱ ፋንታ ሄዶ እንዲሸጥለት ለመነው። ወጣቱ ጆንሰን ትምህርቱ አኵርቶት ነበርና አልሄድም አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ስሙ በኤውሮፓ ሁሉ ከታወቀ ወዲያ፥ ሽማግሌው ጆንሰን ብቻውን ወደዚያች ገበያ ሄዶ የአባቱ መደብ በነበረበት ሥፍራ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ዝናም እየወረደበት ቆመ። የገበያው ሰዎች ምን እንደሚያደርግ ሳያውቁ ይመለከቱት ነበር። ይህን ያደረገው ያን ጊዜ ለአባቱ እንቢ ያለበትን ለመካስ መሆኑን ራሱ ለወዳጆቹ ተናግሯል።

እንጀራ ፍለጋ በመጀመሪያ የሞከረው የእኛን ሙያ ነው። በ1732 ማርኬት ቦስዎርዝ በሚባል ሥፍራ ረዳት መምህር ሆኖ ጥቂት ወራት ሠራ፤ ያንንም ጊዜ ኋላ ሲያስታውሰው እንደ እስራት ይቈጥረው ነበር። ከዚያ ወደ በርሚንግሐም ሄዶ በአንድ ወዳጁ ቤት ተጠግቶ ሳለ፥ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነካንን ሥራ ጀመረ።

ይኸውም እንደሚከተለው ነው። ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል የፖርቱጋል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1625 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ ዐፄ ፋሲለደስ ካቶሊካውያንን ከአገር እስካስወጡበት ጊዜ ድረስ ተቀምጦ፥ ያየውን ሁሉ ጽፎ ነበር። የግዮንም ምንጭ በሰከላ አይቷል። መጽሐፉ በ1728 በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ ታትሞ ነበርና ጆንሰን ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሥራው መካከል ላይ ሲደርስ ኀዘንና ስንፍና ተጭነውት ብዕር ማንሣት ስላቃተው፥ በአልጋው ላይ ተጋድሞ እያነበነበ ወዳጁ ኤድመንድ ሄክተር ይጽፍለት እንደ ነበረ ታውቋል። መጽሐፉ በ1735 ወጣ፤ የተርጓሚውም ዋጋ አምስት ጊኒ ብቻ ነበረ። ጆንሰን በመቅድሙ ሎቦን የሚያመሰግነው የሩቅ አገር ሰዎችን እንደ አውሬ ወይም እንደ መልአክ ሳያደርግ፥ ክፋትና በጎነት እንደ ማንኛውም ሰው የተቀላቀሉባቸው አድርጎ ስለ ገለጣቸው ነው። በዚያ ዘመን ለነበረ የኤውሮፓ ጸሐፊ ይህ ቀላል አስተያየት አይደለም። በዚህ አኳኋን የእንግሊዝ ቋንቋ ሊቅ የመጀመሪያ መጽሐፉን የጻፈው ስለ ኢትዮጵያ ነው።

በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል፥ በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የምትበልጠውን ባል የሞተባት ሴት አገባ። ሰው ሁሉ ቢሥቅበትም እርሱ ግን ከልቡ ወዷት ነበረ፤ በፍቅር ስሟም ቴቲ ይላት ነበር። ባመጣችው ገንዘብ ኤድያል በተባለ መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጡለት ተማሪዎች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። ከጥቂቶቹ ተማሪዎች አንዱ ዴቪድ ጋሪክ ነበረ፤ ኋላ በእንግሊዝ አገር ቴያትር ወደር የሌለው ተዋናይ የሆነው ነው። መምህሩና ተማሪው በማርች ወር 1737 አብረው ወደ ሎንዶን ተሰደዱ። ጋሪክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባለጠጋ ሲሆን ጆንሰን ግን ለመጽሔት እየጻፈ፥ አንዳንድ ሌሊትም ማደሪያ አጥቶ በከተማው መንገድ ሲዞር ያነጋ ነበር።

እንግሊዞች እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቋንቋቸውን ክብር የሚመጥን መዝገበ ቃላት አልነበራቸውም። ጣሊያኖች በ1612፥ ፈረንሳዮች በ1694 የየአካዳሚያቸውን መዝገበ ቃላት አሳትመው ነበር። የፈረንሳዩን ሥራ የሠሩት አርባ አባላት ያሉት ማኅበር ሊቃውንት ሆነው ሳለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በ1746 የሎንዶን መጽሐፍ ሻጮች ተባብረው ጆንሰንን በ1,500 ጊኒ፥ ማለትም በ1,575 ፓውንድ ተዋዋሉት። እርሱም በሦስት ዓመት እጨርሰዋለሁ አለ። ወዳጆቹ የፈረንሳዮቹን ምሳሌ ቢያነሡበት፥ አርባውን በአርባ አባዝቶ የአንድ እንግሊዛዊንና የፈረንሳዮችን ብልጫ በቀልድ አሰላላቸው። ገንዘቡ ብዙ ይምሰል እንጂ የረዳቶቹ ደመወዝና የወረቀቱ ዋጋ ሁሉ ከዚያው የሚከፈል ነበረ።

በሎንዶን ጎህ አደባባይ ሰፊ ቤት ተከራየ፤ ይህ ቤት ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ይገኛል። በሰገነቱ ላይ እንደ ቢሮ ያለ ረዥም ጠረጴዛ አስቀምጦ ስድስት ጸሐፊዎች ቀጠረ፤ ከስድስቱ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። የአሠራሩ ሥርዓት ይህ ነው፤ ጆንሰን የታላላቅ ደራስያንን መጻሕፍት ያነባል፤ አንድ ቃል በመልካም አገባብ ሲያገኝ ከሥሩ በእርሳስ ያሰምርበታል፤ በዳሩም ላይ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ጸሐፊዎቹም ዐረፍተ ነገሩን በቍራጭ ወረቀት ገልብጠው በየፊደሉ ተራ ያኖሩታል። መጻሕፍቱን ያዋሱት ሰዎች ሲመለስላቸው በእርሳስ ተዥጐርጕሮ ስለሚያገኙት አንዳንዶቹ አዝነውበታል። አንዳንዶቹ ግን ያን ምልክት እንደ ጌጥ ጠብቀው ለልጅ ልጅ አውርሰውታል።

ሥራው ሲጀመር ያልታሰበው ችግር የመጣው ከቀላሎቹ ቃላት ነው። የቀደሙት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለከባድ ቃላት እንጂ ለተራ ቃላት ብዙ ስለማይጨነቁ፥ ማንም የሚያውቀውን ቃል በሁለት ቃል ተርጕመው ያልፉት ነበር። ጆንሰን ግን የቃሉን ትርጕም ከራሱ ግምት ሳይሆን ከተሰበሰበው ምሳሌ ለማውጣት ስለ ወሰነ፥ ወረቀቱ በሚደረደርበት ጊዜ ትርጕሙ ከተቈረጠለት ቦታ እየፈሰሰ ወጣ። ዛሬ በሊቃውንት ምርመራ እንደ ታወቀው፥ በመጀመሪያ የጀመረውን ረቂቅ መካከል ላይ አፍርሶ ሥራውን እንደ ገና በሌላ ሥርዓት ለማደራጀት ተገዷል። የተዋዋለበት ሦስት ዓመት አልፎ መጽሐፍ ሻጮቹ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ እርሱ ገና ከአጫጭሮቹ ግሶች ጋር ይታገል ነበር።

የ«ቴክ»ን ነገር ጥቂት እንቈይበት። ጆንሰን ይህን ግስ ሲተረጕም በመጀመሪያ ያስቀመጠው የተሰጠውን መቀበል የሚለውን ነው፤ ቀጥሎም ያልተሰጠውን መንጠቅ የሚለውን አደረገ። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፤ አንዱ እንግዳ ነው፥ ሁለተኛው ወንበዴ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም አንድ ግስ አለው። ከዚያም ማርከክን፥ ደስ አሰኝቶ ልብን መሳብን፥ መረዳትን፥ መምረጥን እያስከተለ፥ ለእያንዳንዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ፥ ከሼክስፒር፥ ከድራይደንና ከሌሎችም ምስክር እየጠራ 134 ላይ ደረሰ። «ፑት» ለሚለው ግስ ሦስት ገጽ ፈጅቷል፤ «ታይም» ለሚለው ስም 20 ትርጕም ሰጥቶታል። እንዲህ ያለውን ቃል ከእርሱ ከራሱ ይልቅ ቀላል በሆነ ቃል መተርጐም አይቻልም፤ ከእርሱ የቀለለ ቃል ከየት ይመጣል? ጆንሰንም ይህን ችግር በመቅድሙ በግልጽ አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ የተሠራው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ዘመናውያን አዘጋጆች «ራን» ለሚለው ግስ ከ600 በላይ ትርጕም ቈጥረዋል።

አማርኛ ከዚህ ነጻ የሆነ የሚመስለው ካለ «በላ» የሚለውን ግስ ይመርምር። ሰው እንጀራ ይበላል፤ ዳኛ ጉቦ ይበላል፤ ባለ አደራ አደራ ይበላል፤ ሐሰተኛ ቃሉን ይበላል፤ ብረትን ዝገት፥ እንጨትን እሳት ይበላዋል፤ ሊድን የደረሰ ቍስልም ይበላል። ለእንግሊዛዊ ተማሪ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ልንተረጕምለት ብንነሣ እርሱም እንደ ሙኑኪ ተማሪዎች ይደናገራል። የእኛም ሊቃውንት የደከሙበት ድካም ከጆንሰን ድካም አያንስም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠሩት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት ስለ ሞቱ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ፈጽመው በእኛ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ ማለት ነው። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳትመዋል።

ተመሳሳይ ስለሚባሉ ቃላትም ጆንሰን የያዘው አስተያየት ለመምህር የሚጠቅም ነው። ሁለት ቃላት በሁሉም ሥፍራ አንዱ በአንዱ ፋንታ ሊገቡ የሚችሉት እጅግ በጥቂቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። በቋንቋችን «ሞተ» እና «ዐረፈ» አንድ ናቸው እንላለን፤ ነገር ግን በቅሎ ሞተች እንጂ ዐረፈች አይባልም። «አየ»፥ «ተመለከተ»፥ «አስተዋለ»፥ «ታዘበ» የሚሉትንም አንድ ተማሪ እኩል ናቸው ብሎ ቢያጠናቸው፥ ጌታውን ታዘብሁዎ ብሎ ከሥራው ሊባረር ይችላል። የጆንሰን ወዳጅ የነበረችው ሄስተር ስሬል በኋላ በ1794 ስለ እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት ልዩነት ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ አሳተመች፤ ከዚያም በ1852 ፒተር ሮዤ የተባለ ሐኪም ቃላትን በሐሳብ ዝምድናቸው አሰባስቦ ለጸሐፊዎች ሁሉ መሣሪያ የሆነውን መጽሐፉን አወጣ።

ጆንሰን ሥራውን ሲጀምር ቋንቋው እንዳይለወጥ አጥሮ ለማቆም አስቦ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ግን ሕያው ቋንቋን ማንም ሊያቆመው እንደማይችል ተረድቶ ነበርና ይህንኑ ሳይሸሽግ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት የደከመበትን ሐሳብ በዘጠነኛው ዓመት ለመተው የደፈረ ሊቅ ብዙ አይገኝም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወጣ «ራምብለር» የተባለ መጽሔት ከሞላ ጎደል ብቻውን ይጽፍ ነበር፤ 208 ቍጥር አወጣ። መጽሔቱ በማርች 1752 በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚስቱ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲኖር ሌላ አላገባም፤ በየዓመቱም የሞተችበትን ቀን በጸሎት ያስብ ነበር። መዝገበ ቃላቱን ለማን ብዬ እጨርሰዋለሁ የሚል ኀዘን ይዞት እንደ ነበረ መቅድሙን ያነበበ ሁሉ ይገነዘባል።

ሎርድ ቼስተርፊልድ የሚባል ትልቅ መኰንን ነበረ። ጆንሰን በ1747 የመጽሐፉን ዕቅድ ለእርሱ አበርክቶ ዐሥር ፓውንድ ከተቀበለ ወዲህ፥ ሎርዱ እስከ ሰባት ዓመት ዞር ብሎ አላየውም ነበር። በ1754 መጨረሻ መጽሐፉ ሊወጣ መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን ምስጋናው በስሙ እንዲጻፍለት ፈልጎ ሥራውን የሚያወድስ ሁለት ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። ጆንሰንም በፌብሩዋሪ 1755 ደብዳቤ ጻፈለት። በትሕትና ቃል ተሸፍኖ፥ በመከራው ጊዜ ያልደረሰለት ጌታ መከራው ካለፈ በኋላ የሚሰጠው እርዳታ ሸክም እንጂ ውለታ እንዳልሆነ አስታወቀው። በዚያ አገር ደራሲ ሁሉ በባለጠጋ ጥላ ሥር ይኖር ነበርና፥ ይህ ደብዳቤ የዘመኑን ልማድ የገሠጸ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገርለታል።

መዝገበ ቃላቱ ኤፕሪል 15 ቀን 1755 በሁለት ታላላቅ ጥራዝ ወጣ። ከ42,000 በላይ ቃላትና ከ110,000 የሚበልጥ ጥቅስ ነበረበት። ዋጋው አራት ፓውንድ ተኩል ስለ ነበረ ድኻ ሊገዛው የሚችል አልነበረም። ስሕተትም አልጠፋበትም፤ የፈረስን ቍርጭምጭሚት የሚያመለክተውን ቃል ጕልበት ነው ብሎ ተርጕሞታል። አንዲት ወይዘሮ ይህን እንዴት አደረግህ ብላ ብትጠይቀው ያለ ማመካኛ ካለማወቅ የተነሣ ነው አላት። አንዳንዴም ሣቅ ወይም ቍጣ ያመልጠዋል። አጃን ሲተረጕም በእንግሊዝ ፈረስ፥ በስኮትላንድ ግን ሰው የሚመገበው እህል አደረገው፤ ያን የጻፉለት እጆች የስኮትላንዳውያን መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያሥቃል። የመንግሥትን ጡረታ አገሩን ለከዳ ቅጥረኛ የሚከፈል ዋጋ አስመስሎ ተረጐመው፤ ይህም ኋላ አሳፍሮታል።

ክብር መጣ፤ ገንዘብ ግን አልመጣም። ውሉ የፈቀደለትን ሁሉ ቀድሞ በልቶት ነበርና መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፥ በማርች 1756፥ አምስት ፓውንድ ከዐሥራ ስምንት ሽልንግ ዕዳ ይዞት ታሰረ፤ ሳሙኤል ሪቻርድሰን የተባለው ደራሲ ስድስት ጊኒ ልኮ አስፈታው። በጃንዋሪ 1759 ደግሞ ዘጠና ዓመት የደረሰች እናቱ ሞተች። የቀብሯን ወጪና የቀረባትን ጥቂት ዕዳ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። ይህም «ራሴላስ» የተባለው፥ የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ነው። ለመጽሐፉ 100 ፓውንድ፥ ለሁለተኛው ኅትመት ሌላ 25 ፓውንድ አገኘ።

ታሪኩ በአማራ መንግሥት በተራሮች በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ይጀምራል፤ በዚያ ምቾት ሁሉ ሲኖረው ያልረካው ልዑል ከእኅቱና ኢምላክ ከሚባል ሊቅ ጋር ተራራውን ቦርቡሮ ወጥቶ፥ ደስታ የት እንዳለ ሲፈልግ እስከ ካይሮ ይደርሳል። የሸለቆው አሳብ ነገሥታቱ ልጆቻቸውን በአምባ ግሼን ያኖሩበት ከነበረው ልማድ የመጣ ነው፤ የልዑሉም ስም የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ ነው ተብሎ ይታመናል። እርግጥ ነው፥ መጽሐፉ ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሆነ ነገር ከስምና ከሥፍራ አያልፍም፤ እንጀራም ታቦትም አይታይበትም። የእናቱን አስከሬን ገና ያልሸኘ የአንድ እንግሊዛዊ ልብ ነው የሚናገረው። ነገር ግን ደስታን የሚፈልግ ሰው ምሳሌ አድርጎ ለማቅረብ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ አንድ ሐበሻ መምረጡ፥ በሃያ አምስት ዓመቱ የተረጐመው የሎቦ መጽሐፍ ከልቡ እንዳልወጣ ያሳያል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሰውት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ታትሟል። ልዑሉ በመጨረሻ ወደ አገሩ ቋንቋ ገባ ማለት ነው።

የቀረው ዘመኑ ከፊተኛው የተሻለ ነበረ። በ1762 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ሰጡት። ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ ስለ ጡረታ የጻፈውን አስቦ ተጨነቀ፤ ገንዘቡ ላለፈው ሥራው እንጂ ወደ ፊት ለሚያደርገው አገልግሎት እንዳልሆነ ከተነገረው በኋላ ተቀበለ። በ1763 ጄምስ ቦዝዌል ከሚባል ወጣት ስኮትላንዳዊ ጋር ተዋወቀ፤ ይህም ሰው የሚናገረውን እየተከታተለ ጽፎ በ1791 የጆንሰንን ታላቅ የሕይወት ታሪክ አሳተመ። በ1765 የሼክስፒርን ቴያትሮች አርሞ አወጣ፤ በ1773 መዝገበ ቃላቱን አሻሽሎ እንደ ገና አሳተመ፤ ከ1779 እስከ 1781 ድረስም የእንግሊዝ ባለቅኔዎችን ታሪክ ጻፈ። ያለ ማዕረግ ያሰናበተው ኦክስፎርድም በ1775 የዶክተርነት ክብር ሰጠው።

ቤቱ ግን እስከ መጨረሻው መጠጊያ ያጡ ሰዎች ማደሪያ ነበረ። ከእነርሱ መካከል ፍራንሲስ ባርበር የሚባለውን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ባርበር በጃማይካ በባርነት የተወለደ ጥቍር ልጅ ሲሆን ወደ ጆንሰን ቤት የገባው ሚስቱ በሞተች ሰሞን ነው። ጆንሰን ባርነትን አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ በኦክስፎርድ ሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ሳለ በካሪቢያን ደሴቶች ያሉ ባሮች ለሚያነሡት ዐመፅ ጽዋ አንሥቶ ሰውን ሁሉ አስደንግጧል። ባርበርንም እንደ አሽከር ብቻ ሳያየው በራሱ ወጪ ትምህርት ቤት አስገብቶ አስተማረው።

ጆንሰን ዲሴምበር 13 ቀን 1784 ሞቶ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ኑዛዜው ሲነበብ ለባርበር በዓመት 70 ፓውንድ እንዲከፈለው፥ ከተናዘዘው የተረፈው ሀብትም የእርሱ እንዲሆን ማዘዙ ታወቀ፤ በዚህም የሎንዶን ጋዜጦች ብዙ አጕረመረሙ። ባርበር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጆንሰን ወደ ተወለደባት ወደ ሊችፊልድ ሄደ። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜም በአቅራቢያው በርንትውድ በምትባል መንደር ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። በ1801 ሞተ።